«አስተምራለሁ እንጂ አላምንም» በዪ

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እግዚአብሔርንም አምናለሁ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የምናገረው ሰው እንዲያደንቀኝ አይደለም፤ በዚህ ከተማ አንዱን ሰምቶ ሌላውን የሚጠራጠር ሰው ስለበዛብኝ ከመጀመሪያው ልገላገል ብዬ ነው። ጾም አልገድፍም። የንስሐ አባት አለኝ። በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ ታክሲ ውስጥም ብሆን አማትባለሁ። ዝግመተ ለውጥን ደግሞ ልክ እንደ ደም ዝውውር፣ እንደ ምግብ መፈጨት እቀበለዋለሁ፤ ማስረጃው አሳምኖኛል። በዚህ የተነሳ የደረሰብኝን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ይቅር ባይነት የሚፈልግ ሰው ሌላ ጽሑፍ ያንብብ።

በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ በትምህርት ቤታችን ቲያትር ይጀመራል። አንዱ ባልደረባዬ ገና ርእሱን ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ ያማትባል። «ልጆች፣ ይሄ ለፈተና ነው፤ አጥኑት፣ መልሱት፣ እርሱት» ይላል፣ ተማሪዎቹም ያጨበጭቡለታል። ሌላዋ «አስተምራለሁ እንጂ አላምንም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለቻት። ወላጅ ሲመጣም፣ ተማሪ ሲጠይቅም፣ ምሳ ላይም እሷኑ ትመዛለች። እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር እጠላታለሁ። ሐኪም «ይሄን መድኃኒት አዝዤልሃለሁ እንጂ አላምንበትም» ቢላችሁ ትውጡታላችሁ? የሰው ልጅ ፊት ቆሞ የማያምኑበትን ማስተማር፣ የሚያምኑበትን ደግሞ መካድ ምን የሚሉት ሙያ ነው!

ያን ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንቺ ግን ታምኚበታለሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እግዚአብሔርንም አምናለሁ።»

«እንዴ! ሁለቱንም? እንዴት ነው ታዲያ?»

«እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር አበጀው ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ከአፈር እስከ ሰው ያለው መንገድ ስንት ዘመን ፈጀ ሲሉኝ ደግሞ ድንጋዩን እጠይቃለሁ። አፈሩም ድንጋዩም የእሱ ነው፤ ምን ያጣላቸዋል?»

ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አጉረመረሙ፣ ደወል ተደወለ፣ ወጡ። ልጅቷ የነገርኳትን ሙሉውን ይዛ የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካስ ቤቷ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው። ያውም ጉድ ሲገጣጠም ይኸውላችሁ፣ አያቷ የእናቴ ማኅበርተኛ ናቸው።

ስለ ማኅበሩ መናገር አለብኝ። እናቴ የሚካኤል ማኅበር አላት፤ እኔ ሳልወለድ ካዛንቺስ እኛው ግቢ ውስጥ የተጀመረ ነው። በየወሩ በዐሥራ ሁለት አንዱ አባል ቤት ይደገሳል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው በነጠላው ተቀብሎ በእልልታ ይሸኛል። ልጅ ሆኜ የማኅበር ቀን ማለት ለእኔ ዳቦ ማለት ነበር፤ ለእናቴ ግን ሌላ ነገር እንደነበር ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ አልገባኝም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበተነ። አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገላን። እድሩ ተዳከመ፤ ያደግንበት ግቢ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኖ አበባ ተተክሎበታል፣ ሰዎችም ፎቶ ይነሱበታል። የቀረው ማኅበሩ ብቻ ነው። አሮጊቶቹ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ፣ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ይመጣሉ። እናቴ በዚያው ሰሞን ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አፏም ትንሽ ተጣመመ። ኦሎምፒያ ጀርባ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ይዣት መኖር ጀመርኩ፤ ከድሮው ሰፈር እንዳትርቅ ብዬ ነው እንጂ ኪራዩ አንገት የሚያስደፋ ነው።

ጠዋት ስትነቃ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዛሬ ስንት ነው?» ስድስት ነው ስላት «ኧረ ቀርቧል» ትላለች። ዐሥራ ሦስት ነው ስላት ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። መድኃኒቷን ለመዋጥ የምትግደረደር ሴት ለማኅበር ቀን ራሷ ልብሷን ታማርጣለች። ማኅበርተኞቹ መጥተው ያንን የፈረሰ ግቢ ሲያነሱላት፣ የውሃ ወረፋውን፣ የእገሌን ውሻ፣ የእገሊትን ሠርግ ሲያነሱላት የተጣመመው አፏ እስኪቃና ትስቃለች። ሌላ ምንም አልቀራትም። እኔ እንኳ ቀርቼላት፣ የቀረኋት አልመስልም።

የእሷ ተራ ሲደርስ ጽዋውን ስለ እሷ እንድቀበል እኔ ተላክሁ። የዚያ ወር ደጋሽ የማኅበሩ ሙሴ ነበሩ፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ነው ቤታቸው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ በልተን ጠጥተን፣ ካህኑ ጽዋውን አንስተው «ተረኛ» ሲሉ ተነሳሁ። እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ዘረጋሁ። እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞልቶ ነበር። እናቴ ስትቀበለው አይ ከነበረው በላይ ከብዶ ተሰማኝ፣ ገና ሳልይዘው።

«አባ፣ እስቲ ይቆዩኝማ» የሚል ድምፅ መጣ።

የተማሪዬ አያት ናቸው። ካዛንቺስ ሱቅ የነበራቸው፣ በልጅነቴ ከረሜላ በዱቤ የሰጡኝ እትዬ። በልቤ አንቱ ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ግን እናቴ ያሳደገችኝ በአንቱታ ነውና እዚህም አንቱ ልበላቸው።

«ይቺ ልጅ ተማሪ ቤት ‹ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው፣ እኔም አምንበታለሁ› ብላ ታስተምራለች። የልጅ ልጄ በጆሮዋ ሰምታ ነው የነገረችኝ። ፈጣሪ የለም ለምትል ሴት ነው ጽዋ የምንሰጠው?»

«ኧረ በሚካኤል! ፈጣሪ የለም መቼ አልኩ?»

«ዝንጀሮውን ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ከዝንጀሮ መጣን አላልኩም እትዬ። ሩቅ ዘመዳችን ነው ነው ያልኩት።»

ምን ዓይነት አፍ ነው የፈጠረብኝ! ቤቱ ተናወጠ። አንዲት አሮጊት ጠላ ትን አላት። «ዘመዴ ነው አለች! በገዛ አፏ!» አሉ እትዬ፣ ወደ ሁሉም እየዞሩ። እኔም አስተማሪነቴ አይለቀኝ፣ እዚያው ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። አንድም ሰው አልሰማኝም። ወደ ሙሴው ዞርኩ። ግድግዳቸው ላይ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው የመጣ ካላንደር አለ፤ ድንቅነሽ ከነአጥንቷ ተዘርግታ «የሰው ዘር መገኛ» የሚል በትልቁ ተጽፎባታል።

«ጋሼ፣ እኔ ያስተማርኩት እኮ ይሄንን ነው» አልኳቸው። «ይቺ ታዲያ እዚህ ግድግዳዎ ላይ ምን ትሠራለች?»

ሙሴው ዞረው አዩአት። «እሷ ቅርስ ናት» አሉ። «ሃይማኖት ውስጥ አታስገቢያት።»

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እንግዳ ሲመጣ «የሰው ዘር ከእኛ ነው የተነሳው» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ከዚያ ምን ማለት ነው ብሎ የሚያስረዳ ሲመጣ ደግሞ ከሓዲ ነው። አጥንቷ ለኩራት፣ ትርጉሟ ለእርግማን!

ካህኑ ጽዋውን እንደያዙ ነው። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ነገር አናብዛ» አሉኝ። «‹አስተምራለሁ እንጂ አላምንም› በዪና ጽዋሽን ተቀበዪ። እንጀራሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ይረዳሻል።»

እሷው ናት! ያቺ የምጠላት ዓረፍተ ነገር ከመምህራን ክፍል ተነስታ ቂርቆስ ድረስ ተከትላኝ መጣች። አፌ ላይ ነበረች። እናቴ ቤት መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ጉሮሮ አትቀድድም። ግን ጽዋው እዚያ አለ፤ ዳቦው ተባርኳል። እዚያ ፊት ቆሜ የማምነውን አላምንም ብል፣ ከዚያ በኋላ ‹አምናለሁ› ያልኩት ሁሉ ምን ዋጋ አለው?

«አባ፣ ጽዋው ፊት ልዋሽ?» አልኳቸው።

ካህኑ ዓይናቸውን ጽዋው ላይ ጣሉ። ሙሴው ተነስተው ጽዋውን ከካህኑ እጅ ተቀበሉና መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። «ነገሩ እስኪጣራ እዚሁ ይቆይ» አሉ። የተዘረጋው እጄ ባዶውን ነጠላዬ ውስጥ ቀረ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ አንድም ሰው «ቆይ» አላለኝም።

ካህኑ ግን ከኋላዬ ተከተሉኝ። አስፋልቱ ጋ ደረሱብኝና ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አትዘኚ። እግዚአብሔር እንዴት አድርጎ እንደፈጠረ እኛ ልክ አናበጅለትም። ስድስቱ የፍጥረት ቀን እንደ እኛ ቀን መሆኑንስ ማን ነገረን? እንዳንቺ የሚያስቡ ካህናትም አሉ።»

«ታዲያ ይሄንን ውስጥ ለምን አልተናገሩልኝም?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እርስዎን አይነቅዝዎትም አባ፤ እኔን ግን እየበላኝ ነው» አልኳቸውና የመጣውን ታክሲ ያዝኩ። መስቀሉን እንኳ ሳልሳለም። ደፋር ሰው ያወግዘኛል ብዬ ስጠብቅ ፈሪ ሰው አጽናናኝ፤ የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፣ ደግ ብለዋል።

ለእናቴ ምን ልበላት? «ሙሴው ቤት ይቆይ ተባለ» አልኳት። «ለምን?» አለች። «ደክሟቸው» አልኳት። አላመነችኝም፤ ለመዋሸት እንኳ የምታፍር ልጅ አላት።

ወንድሜ በማግስቱ መጣ። ታናሼ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፤ በምንም አያምንም። በግልጽ ነው የማያምነው፣ ማለት ለእኔ በግልጽ። ስነግረው ከሶፋው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

«በቃ ተገላገልሽ! ማለቴ፣ ራሳቸው ከለቀቁሽ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መልቀቅ አልፈልግም። ማኅበሬ ነው።»

«ስሚ፣ ሴትዮዋ እኮ ካንቺ ይልቅ ሎጂክ አላት። ገብቷታል። ሰው በራሱ መንገድ ተለውጦ እዚህ ከደረሰ ለፈጣሪ ምን ሥራ ቀረው? ወይ ይሄ ነው ወይ ያ። አንቺ ሁለት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የወደቅሽው።»

«አንተ ስለ ሥራ ታወራለህ? ሦስት ቢሮ ቀያይረህ እስካሁን ምን እንደምትሠራ ለእማዬ ማስረዳት ያልቻልክ! ስንት ዘመን ፈጀ ብዬ የጠየቅኩትን ድንጋይ ለምን ኖርኩ ብዬ አልጠየቅኩትም። አይመልስልኝማ!»

«እና ማን መለሰልሽ?»

«ሲመልስልኝ ላንተ አልነግርህም።»

ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አልዋሽም፣ የማይመቹኝ ነገሮች አሉ። ያን ሁሉ ፍጥረት አብቅሎ ያን ሁሉ ያጠፋ፣ በርሃብና በበሽታ እያበጠረ እዚህ ያደረሰን አምላክ ምን ዓይነት አምላክ ነው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምጸልየው እንጂ ጥዬው አይደለም። ወንድሜ ይህን ስነግረው «አየሽ፣ ልትደርሺ ነው» ይላል፤ እሱ ወዳለበት መድረሴ ነው። እትዬም ይህንኑ ቢሰሙ «አላልኩም? ደርሳለች» ይሉ ነበር። ሁለቱ በሕይወታቸው በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በእኔ ከሓዲነት ግን ተስማሙ። ምን ዓይነት ዕድል ነው? የሚያምኑት አስወጡኝ፣ የማያምነው ደግሞ በሩን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። ሁለቱንም ገሃነም ይብላቸው ብል ወንድሜ ገሃነም የለም ይለኛል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሙሴውና እትዬ ቤታችን መጡ። ካህኑ አልመጡም፤ ዝም እያሉ ይሆናል። ፎቁን ሲወጡ ደክሟቸው ነበርና ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። ወንድሜም እዚያው ነበር። ሙሴው ለእናቴ ነገሩን ዘርዝረው ነገሯት፣ እኔ ልጅ እንደሆንኩና እንደሌለሁ ያህል በሦስተኛ መደብ እያነሱኝ። እናቴ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ሲገባት ደህና የሆነችው ግራ እጇ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች።

«ልጄማ ጸሎተኛ ናት» አለች። ምላሷ እየተያዘ።

«ጸሎቷን እግዚአብሔር ይቀበላት» አሉ እትዬ። «ጽዋውን ግን ለእሷ ብንሰጥ ሌሎቹ አንመጣም ብለዋል። እሜቴ፣ የእርስዎ ቦታ የእርስዎ ነው። ከቤትዎ ሌላ ሰው ይቀበልልዎት፤ አለበለዚያ ግን...»

አለበለዚያ የሚለውን አልጨረሱትም። እናቴ ግን ጨረሰችው፤ እንባዋ በተጣመመው ጉንጯ በኩል ወረደ። አቤት ያኔ የተሰማኝ! እትዬን ይዤ ደረጃውን ላወርዳቸው ፈለግኩ። የፎቁ ደረጃ መደገፊያ የለውም።

ሙሴው ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ወንዱ ልጅዎት አለ አይደል? አንተስ ልጄ፣ ይሄን የዝንጀሮ ነገር ታምናለህ?»

ወንድሜ አየኝ። እናቴን አየ። ከዚያ ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ኧረ አላምንም ጋሼ። እኔ የማምነው በሚካኤል ነው።»

ፊቱ ላይ አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። እትዬ እዚያችው ወንበራቸው ላይ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት። ሙሴው ተነስተው ሳሙት፣ «የአባቱ ልጅ!» አሉት። አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር። ‹ይሄ ልጅ በምንም አያምንም፤ በገና ሳይቀር ይሳለቃል› ብል ነገሩ ሁሉ እዚያው ይፈርሳል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እናቴ እየሳቀች ነው። እንባዋ ሳይደርቅ በግማሽ ፊቷ እየሳቀች ነው። ዋጥኩት።

ወንድሜን ማድ ቤት ጠርቼ በሹክሹክታ ሰደብኩት። «አፈር ብላ! እንዴት እንደዚያ ትላለህ?»

«ምን አጠፋሁ? ጽዋው ለእኔ ሸክላ ነው። ሸክላ ይዤ እማዬ ከሳቀች ምን ጎደለኝ?» አለኝ። «ከባድ የሚሆነው ለምታምኚው ላንቺ ነው እንጂ።»

እውነቱን ነው፤ ያበገነኝም እሱ ነው።

በወሩ በዐሥራ ሁለት እኛ ቤት ተደገሰ። ዓርብ ስለነበር የጾም ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። ማን ሠራው? እኔ። ማን ገበያ ወረደ፣ ማን ሽንኩርት ከተፈ፣ ጠላውን ማን ጠመቀው፣ ወንበሩን ከጎረቤት ማን ለመነ? እኔ። ወንድሜ ነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ጋቢውን ለአንድ ቀን ከእኔ ነው የተዋሰው። እጄ ጽዋ ለመያዝ ረክሷል፣ ሽንኩርት ለመክተፍ ግን ንጹሕ ነው። እትዬ ምስሩን ሦስቴ ጨመሩ። «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሊመርቁኝ ሲሉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ምርቃቱን መሃል ላይ አቁመው ጎመን ጎረሱበት።

ካህኑ ሲባርኩ እኔ የማድ ቤቱ በር ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ሲደርስ ሁሉም ተነስቶ አለ፣ እኔም አልኩ። ወንድሜን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን አያውቀውም፤ መሃል ላይ ከጠፋበት ቆይቷል፣ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ በቃሌ የምለው፣ ለቅሶዬ ሲመጣ የምለው፣ ሕፃን ሆኜ እናቴ ጭን ላይ የተማርኩት ጸሎት ነው። እሱ በነጩ ጋቢ ውስጥ ማኅበርተኛ ነው፤ እኔ የሽንኩርት ሽታ ይዤ ከሓዲ ነኝ። ማን ለፈጣሪ እንደሚገዛ የሚለካው በዚህ ከሆነ መለኪያውን ያበጀው ሰይጣን ራሱ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። እዚያው መሃላቸው ጮክ ብዬ ልለውም ነበር።

አልኩት? አላልኩትም። ጠላ ጨመርኩላቸው።

እናቴ መሃል ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለዚያ ግቢ ወሬ ተነሳ፤ የውሃ ወረፋው፣ ውሻው፣ ሠርጉ። ሳቀች። ካህኑ ወንድሜን «ዘርህ ይባረክ፣ የእናትህን ወንበር የምታስጠብቅ» ብለው ሲመርቁት «አሜን» ያለችበት ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ተሰጠ፣ እልል ተባለ፣ ደረጃውን እየተደጋገፉ ወረዱ። ወንድሜ ጋቢውን አጣጥፎ መለሰልኝና ኦሎምፒያ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ።

ሳህኑን ሳላነሳ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ መዋጥ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ልጅሽ እኮ አያምንም። ሚካኤልን አይደለም፣ ማንንም አያምንም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ወልጄው አላውቀውም? ጎረምሳ ሳለ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«እና አውቀሽ ነው ዛሬ አሜን ያልሽው? እኔ እያመንኩ ማድ ቤት ቆሜ?»

ምላሷ እየተያዘ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ተናገረች። «እሱ ለእኔ ሲል ዋሸ። አንቺ ለእኔ ስትዪ አንድ ቃል መናገር አቃተሽ።»

«እግዚአብሔር ፊት እኮ ነው ዋሺ ያሉኝ፣ እማዬ!»

«እግዚአብሔርማ ልብሽን ያየዋል፤ ለእሱ ምን አስጨነቀሽ? ልብ የማያዩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ነገ ቆመው የሚቀብሩኝም እነሱ ናቸው።»

መልስ ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ስመልሰው የኖርኩት፣ ከወንድሜ ጋር ስሟገትበት የኖርኩት ሁሉ መልስ ነበረኝ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ግን የልጅ አቤቱታ ነው።

«ውሸት ነውር ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እሱንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለችኝ፤ ወደ አልጋዋ እንድወስዳትም ደህናውን እጇን ዘረጋችልኝ።